ጋንፓት ከመርከቡ ለምን ቀረ

ናዝሬት፣ ጥር 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

ደገፋ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ደህና መሆንህን ከደብዳቤህ ርዝመት አውቄዋለሁ። የታመመ ሰው አራት ገጽ አይጽፍም። እኛም አለን። ናዝሬት ነፋሷም አቧራዋም እንደተውካቸው ናቸው፤ አጥቤ ያሰጣሁትን ልብስ ሳይደርቅ መልሼ አጥባለሁ።

ለጠየቅከኝ መልሱ «አዎ» ነው። አባዬ ተስማምቷል። መስማማት ብቻ? የሕይወት ታሪኩ እናንተ ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ነው ስለው ከአልጋው ተነስቶ ጺሙን ተላጨ። ለካ ፎቶ አንሺ ተከትሎኝ የመጣ መስሎት ነው! «ደገፋ ነው የሚጽፈው?» አለኝ። «አዎ፣ ደገፋ ነው» አልኩት። «እንግዲያው ጥሩ» ብሎ ተመልሶ ተኛ።

ታሪኩን ከመጀመሪያው ጻፊልኝ ማለትህ ግን አስቆኛል። እዚህ ቤት ተቀምጠህ ስትማር እራት በቀረበ ቁጥር ስትሰማው አልነበረም እንዴ? ከተማው ሁሉ «የሒሳብ አስተማሪው ህንድ» እያለ ሲጠራው፣ ክሪኬት ተጫዋች እንደነበረ የሚያውቅ እኔ፣ አንተና አባትህ ብቻ ነን። ቢሆንም ይሁን፣ እጽፍልሃለሁ።

አባቱ ቦምባይ ከተማ ጫማ ሰፊ ነበሩ። እዚያ አገር ቆዳ የሚነካ ሰው እንዴት እንደሚታይ ለአንተ አልተርክልህም፤ የቡልቡላው ፋቂ የአባባ ጃራ ልጅ ነህና ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። አባቱ የእንግሊዞችን የክሪኬት ኳስ ሲጠግኑ እሱ የተጠገነውን ግድግዳ ላይ እየወረወረ ይሞክር ነበር። እንዲህ እንዲህ ሲል አድጎ፣ ሜዳው መሐል የሚተከሉትን ሦስት እንጨቶች ከሩቅ በኳስ የሚጥል ወርዋሪ ወጣው። ህንዶቹ ከእንግሊዞች ጋር ሲገጥሙ ያለ እሱ አይሆንላቸውም። ሜዳ ላይ ሲያሸንፉ ያቅፉታል። ለሻይ ሲወጡ ግን እነሱ ውስጥ ገብተው በስኒ ይጠጣሉ፤ ለእሱ ከበረንዳው ኋላ በሸክላ ይሰጠዋል፣ ጠጥቶ ሲጨርስም ሸክላው ይሰበራል።

ቫሱዴቭ የሚባል ጓደኛ ነበረው። አባዬ ይወረውራል፣ ቫሱዴቭ ከእንጨቶቹ ኋላ ሆኖ ይቀልባል። ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄድ ቡድን ሲመረጥ የአባዬ ስም ከሁሉም በፊት ተጠራ። መርከቡ ላይ ግን ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚተኙት። አለቆቹ ቫሱዴቭን ጠርተው «ከጋንፓት ጋር አንድ ክፍል ታድራለህ ወይ?» አሉት። «እኔስ ግድ የለኝም፣ እናቴ ትሰማለች እንጂ» አለ። አለቀ። አባዬ ሻንጣውን ይዞ ወደብ ላይ ቆሞ ነው የጠዋቱን ጋዜጣ ያነበበው። «ጋንፓት በሕመም ምክንያት ቀርቷል» ይላል። እንኳን ሊታመም ጉንፋን አልያዘውም ነበር! ከዚያ ወዲህ ኳስ አልወረወረላቸውም። ኤደን ወርዶ ሱቅ ተቀጠረ፣ ጣሊያን ከአገራችን ሲወጣ ደግሞ በጅቡቲ ባቡር እዚህ መጥቶ አስተማሪ ሆነ።

ስሙ ጋዜጣ ላይ የወጣው ያቺን አንዲት ጊዜ ብቻ ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛ ሆኜ ቀረሁ» ይላል። ስለዚህ ከአንተ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ለምን ከመርከቡ እንደቀረ፣ እሱ ሳይሞት እውነቱ በጋዜጣ እንዲወጣለት። የጫማ ሰፊ ልጅ ስለሆነ፣ ጓደኛውም አፉን ስለያዘ ነው የቀረው። ሌላውን እንደፈለግህ አሳምረው፣ ይቺን ግን እንዳትነካብኝ በሞቴ።

ጤናዬ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 3 ቀን 1972 ዓ.ም.

የኔ ጤና፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱን ለሥራ፣ አንዱን ለራሴ። ሁልጊዜ ለምትጠይቂኝም፣ አዎ፣ በደንብ እየበላሁ ነው። አይ፣ ሲጋራውን አልተውኩም፤ ስተወው አንቺ ትሰሚያለሽ።

የክፍላችን ኃላፊ ጓድ ገብረወልድ በሐሳቡ በጣም ደስ ብሏቸዋል። በቅኝ ገዢዎች ሜዳ ቅኝ ገዢዎችን ያሸነፈ የእስያ ልጅ በመካከላችን እንደሚኖር አላውቅም ነበር አሉ። ግማሽ ገጽ ሊሰጡን ነው። ግማሽ ገጽ ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

አንድ ነገር ብቻ ላማክርሽ። ጫማ ሰፊ የሚለውን «የላብ አደር ልጅ» ብንለው ምን ይመስልሻል? ያው ነው እኮ፣ ላብ አደር ናቸው። የሸክላውንም ነገር ጓድ ገብረወልድ ብዙም አልወደዱትም። በአገራችን እንዲህ ያለው ንቀት ከአብዮቱ ጋር ተሽሯልና አንባቢው ምን አስታወሳችሁ ይለናል ይላሉ። ለመምህር ይህን አትንገሪያቸው፤ ገና ጭውውት ነው።

ስለ አባባ ትጠይቂኝ ይሆናል፤ ከመስቀል ወዲህ ቡልቡላ አልወረድኩም። ሥራው አላፈናፍን ብሎኝ ነው። ደህና መሆናቸውን ከሰው እሰማለሁ። አንቺም ስታገኚያቸው ሰላም በይልኝ።

ይልቅ ስለ እኛ ጉዳይ ለመምህር ነገርሻቸው ወይስ አሁንም ፈርተሽ ነው?

ያንቺው ደገፋ

ናዝሬት፣ የካቲት 21 ቀን 1972 ዓ.ም.

ደገፋ፣

«ያው ነው» ትለኛለህ? አልጣመኝም። ላብ አደር ስለሆነ ማንም ሸክላ ሰብሮበት አያውቅም። ቆዳ ስለነካ ነው የሰበሩበት። ለአባዬ አልነገርኩትም፣ አትስጋ፤ ግን የምነግረው ነገር እንዳትሰጠኝም።

ስለ አባዬ ጤንነት ሳትጠይቀኝ አትቀርም። ሐኪሙ ያለኝን አልጽፍልህም። የግራ ዓይኑ ፈጽሞ ጠፍቷል፣ በቀኙ ጥላ ነው የሚያየው። ይኸውልህ፣ ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ። ብቻ ጻፍ፣ ቶሎ ጻፍ። በየቀኑ «ጋዜጣው መጣ?» ይለኛል። አልመጣም ስለው «ደገፋ ጠንቃቃ ልጅ ነው፣ እያስተካከለው ነው» ብሎ ለራሱ ይመልሳል።

አባባ ጃራንም እንድትጠቅሳቸው ብሏል። እንዴት እንደተዋወቁ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። አባዬ ልምዱ አልለቅ ብሎት እዚህ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ብቻውን ኳስ ይወረውር አልነበር? ኳሱ ሲበጣጠስበት ቆዳ ፍለጋ ቡልቡላ ወረደ። ገበያተኛው ከከተማው ዳር ያለችውን የእናንተን ቤት በአገጩ አሳየው። አባዬ ገባና ከሰላምታ ቀጥሎ ውሃ ለመነ። አባባ ጃራ ደነገጡ፤ እሳቸው ቤት ገብቶ ውሃ የሚለምን ሰው የት አለና! ከጎረቤት ሌላ ዕቃ ሊዋሱ ሲነሱ፣ አባዬ የሳቸውኑ ዋንጫ አንስቶ ጥርግ አድርጎ ጠጣ። «ሰውየው አገሩን አያውቅም ብዬ አዘንኩለት» ይላሉ እስከ ዛሬ እየሳቁ። ኳሱን ሰፉለት፣ ከዚያም ወዲህ የአባዬን ኳስ ሌላ ሰው ሰፍቶት አያውቅም። አንተንም እንድትማር እኛ ቤት ያመጡህ በዚሁ ወዳጅነት ነው። ታሪኩን ለአንተ የሰጠው ለምን ይመስልሃል? ሌላ ጋዜጠኛ ሰምቶ ይጽፈዋል፤ አንተ ግን ቤትህ ነው።

የእኛን ጉዳይም ነግሬዋለሁ። ኧረ ከእኔ ቀድሞ ያውቀው ነበር! ሽማግሌ ትልክ እንደሆነ አንድ ቃል ብቻ አለው፤ አባባ ጃራ ከሽማግሌዎቹ ፊት ይቀመጡ። ጎረቤቱ ሁሉ እያየ ከአንድ ማዕድ ሊበሉ ነው። እኔም ከዚህ የተሻለ ሠርግ አልፈልግም።

ጤናዬ

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 12 ቀን 1972 ዓ.ም.

የኔ ጤና፣

ተቆጣ ብለሽ እንዳታስቢ። ዝም ያልኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው እንጂ ምን ያስቆጣኛል። ጽሑፉን ጨርሻለሁ፤ አሁን ጓድ ገብረወልድ እጅ ላይ ነው። ከፋሲካ በኋላ ይወጣል። ቅጂውን ላክልኝ እንዳትይኝ፣ ደንባችን አይፈቅድም፤ ስለዚህ እንደማንኛውም አንባቢ ጠብቂ።

ሽማግሌዎቹ ግንቦት ላይ ይመጣሉ። ከመሥሪያ ቤታችን አቶ ሰንበታ ይመሯቸዋል፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። አባባን በዚህ ዕድሜያቸው ከቡልቡላ ማንገላታት ልክ አይመስለኝም። እሳቸውም ሰው መሐል መቀመጥ አይወዱም፤ ታውቂያቸው የለ። ከሠርጉ በኋላ ለብቻችን ወርደን እግራቸውን እንስማለን። ለመምህር በደንብ አድርገሽ አስረጂያቸው፣ አንቺ ስትነግሪያቸው ይሰማሉ።

በርቺ።

ደገፋ

ናዝሬት፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

ደገፋ፣

እንኳን አደረሰህ። በዓሉ ካለፈ ወዲህ መሆኑን አውቃለሁ፤ ካርድ ገዝቼ ነበር፣ ቀድጄዋለሁ።

ጋዜጣውን ከሱሌማን ሱቅ ገዛሁት። መንገድ ላይ ላነበው ገለጥኩና እዚያው የሱሌማን በረንዳ ላይ ቁጭ አልኩ። «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ ሱሌማን። አዎ ማለት ነበረብኝ።

«ከላብ አደር ቤተሰብ የተወለደው ጋንፓት፣ ከኢምፔሪያሊስቶች ጋር ለመጫወት እምቢ ብሎ፣ በገዛ ፈቃዱ ከጉዞው ቀረ።» አንተ ነህ ይህን የጻፍከው? በዚህ እጅህ? በገዛ ፈቃዱ! ወደብ ላይ ሻንጣውን ይዞ ቆሞ የነበረውን ሰው! ቫሱዴቭ የለም። ሸክላው የለም። ኳሱም «ከውጭ አገር እያስመጣ» ሆኗል፤ አባባ ጃራን ከነመርፌያቸው አጥፍተሃቸዋል። ያኛው ጋዜጣ በሽተኛ አደረገው፣ ያንተው ጀግና አደረገው። እሱ የለመነህ ከሁለቱም አንዱን አልነበረም።

ይህን ሁሉ እንኳ ጓድ ገብረወልድ ነው የቆረጠው ብዬ ይቅር እልህ ነበር። ግን ከርዕሱ ሥር «በደገፋ አምባዬ» ይላል። አምባዬ ማነው? እኔ የማውቀው ደገፋ ጃራን ነው። ይህንንም ጓድ ገብረወልድ ነው ያወጣልህ?

ቤት ስገባ አባዬ የወረቀቱን ድምፅ ሰማ። «መጣ!» አለ። አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ሸሚዙን ቆለፈ። ምን ላድርግ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ጋዜጣውን ዘርግቼ አነበብኩለት፣ ያልጻፍከውን ሁሉ አነበብኩለት። ጫማ ሰፊውን፣ ሸክላውን፣ ቫሱዴቭን፣ የቡልቡላውን ጃራ። ቃል በቃል ከአፉ የሰማሁትን ከባዶ ወረቀት አነበብኩ። ሲያልቅ እንባው ወረደ። «ደገፋ ልጄ ነው» አለኝ። ከዚያ ጋዜጣውን ከእጄ ተቀብሎ ትራሱ ሥር አስገባው።

አዋረድከኝ ደገፋ። በአባቴ ፊት ለአንተ ዋሸሁ።

ጤናዬ

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1972 ዓ.ም.

ጤናዬ፣

መቆጣትሽ ልክ ነው፤ ግን ስሚኝ።

አምባዬ ማነው ብለሻል። ማንም አይደለም። መጀመሪያ እዚህ ስመጣ ቤት ያከራየኝ ሰውዬ ስም ነው። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ የቡልቡላ ልጅ «የፋቂው የጃራ ልጅ» ብሎ አወራብኝ። ምሳ ሰዓት ላይ የምቀመጥበት ጠረጴዛ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ማንም አልሰደበኝም፤ ዝም ብለው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። አብዮት ፈንድቷል፣ መፈክር ይጮኻል፣ እነሱ ግን ሌላ ቦታ ተቀመጡ። እኔ እንደ መምህር ጠንካራ አይደለሁም። መሥሪያ ቤት ስቀየር ስሙን ቀየርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ሰው አብሮኝ ይበላል። ስለ ሸክላው ብጽፍ «ይህን ከየት አወቅከው?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ጓድ ገብረወልድ አንዱንም አልቆረጡም። እኔው ነኝ የተውኩት፤ ከአንቺ አልደብቅም።

ያነበብሽላቸው ግን እጅግ ጥሩ አድርገሻል። እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢው። መምህር የሚፈልጉትን ሰምተው ደስ ብሏቸዋል። ጋዜጣው ወጥቷል። አባባ ማንበብ አይችሉም። ታዲያ ማን ተጎዳ? ይህን ነገር እኔና አንቺ ይዘነው እንኑር፤ ሰው ትዳር ሲይዝ የሚይዘው ምሥጢር አያጣም።

አቶ ሰንበታ ግንቦት 10 ቀን እሑድ እንመጣለን ብለዋል። ቀኑ ይመቻችኋል?

ደገፋ

ናዝሬት፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1972 ዓ.ም.

ደገፋ፣

«ማን ተጎዳ?» ብለሃል። ቁጭ ብለህ አንብብ።

አባዬ ያነበብኩለትን ሰምቶ ብቻውን ሊደሰትበት አልቻለም። «ጃራ ስሙ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ሳይሰማ!» ብሎ በሻሸመኔ አውቶቡስ ረዳት ላከባቸው። እኔም እንዳንተው አሰብኩ። ማንበብ አይችሉ፣ ለሳቸውም ያንኑ አነብላቸዋለሁ አልኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ማር አንጠልጥለው መጡ።

ጋዜጣውን ዘርግቼ ልጀምር ስል «ቆይ ኢንተላ ኮ፣ ቆይ ልጄ፣ ዛሬ አንባቢው እኔ ነኝ» አሉ። ከኮታቸው ኪስ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸውን አወጡ። ቡልቡላ ላይ ዘመቻው ከተጀመረ ጀምሮ ከሕፃናት ጋር ተቀምጠው ሲማሩ ከርመዋል፣ ለነፍስም አልተናገሩም። «ለደገፋ እንዳትነግሩብኝ፣ በገዛ እጄ ጽፌ ነው የማስደነግጠው» አሉ። አባዬ ከልቡ ሳቀ፣ አጨበጨበላቸው። «አባባ፣ ይደክምዎታል፣ እኔ ላንብብ» ብል «ተይው እንጂ፣ ያንብብ!» ብሎ አባዬ ተቆጣኝ።

ከላይ ጀመሩ፣ በጣታቸው ፊደሉን እየተከተሉ። «በ... ደ... ገ... ፋ» አሉና ፊታቸው በራ፣ እኔንም አባዬንም አዩን። ቀጠሉ። «አ... ም...» አሉና ቆሙ። ከመጀመሪያው ተመለሱ። «ጤናዬ፣ ‘ጃ’ የታለች? ‘ጃ’ን እኮ በደንብ አውቃታለሁ» አሉኝ። «እንግዲህ ገና ተማሪ ነኝ፣ አሳስቼ ይሆናል» ብለው ጣታቸውን በኮታቸው ጠርገው እንደገና አነበቡት። ጥፋቱን ከራሳቸው ላይ ለማግኘት እንዴት እንደለፉ ባየህ ደገፋ! አምባዬ ነው የሚለው። ደጋግመው አነበቡት፣ አምባዬ ነው የሚለው። ከዚያ ወዲያ ስለ ስሙ አልጠየቁኝም።

እንዲያቆሙ ለመንኳቸው። አባዬ ግን እምቢ አለ። እየተንተባተቡ ወረዱ፣ «በገዛ ፈቃዱ ከጉዞው ቀረ» እስከሚለው ድረስ። «ድገመው» አለ አባዬ። ደገሙት። አባዬ ፊቱን ወደኔ አዞረ፤ በማያይ ዓይኑ አየኝ። «አንቺ ያነበብሽልኝስ?» አለኝ። «እኔ ነኝ አባዬ፣ ከራሴ ነው ያልኩት፣ እንዳይከፋህ ብዬ...» አልኩት። «ቫሱዴቭም እንዳይከፋኝ ብሎ ነው ቀድሞ ያልነገረኝ» አለ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ውሃ እንኳ የሚቀበለው ከአባባ ጃራ እጅ ነው። እሳቸውም ወደ ቡልቡላ አልተመለሱም፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ይውላሉ። ስለ አንተ አንዳች ነገር አይናገሩም፤ እንዲናገሩልኝ፣ እንዲረግሙህ ብዬ ብጠብቅም አይናገሩም።

ደገፋ፣ እወድህ ነበር። የፋቂ ልጅ መሆንህን እያወቅሁ፣ እሱን ጨምሬ ነው የወደድኩህ። አንተ ግን አባትህን ጥለህ እኔን ልታገባ ነበር፣ እኔንም የውሸትህ ሸሪክ አድርገህ። አቶ ሰንበታ እንዳይመጡ። ቢመጡም ከደጅ ነው የምመልሳቸው። ደብዳቤም እንዳትጽፍልኝ፤ ሳልከፍተው ነው የማቃጥለው።

ጤናዬ

ቡልቡላ፣ ግንቦት 2 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለአቶ ደገፋ አምባዬ
አዲስ አበባ

አካም ጅርቱ።

እርስዎ አያውቁኝም። ጃራ እባላለሁ። ቆዳ ፋቂ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ዘንድሮ ነው። ደብዳቤ ስጽፍም ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስህተት ካለው ይታረምልኝ።

ወዳጄ ጋንፓት ባለፈው ማክሰኞ አረፈ። የናዝሬት ሰው ወጥቶ ሸኘው። ልጁን ጤናዬን ይቅር ብሏት፣ እጇን ይዞ ነው የሞተው። የሌላ ሰው ስም አላነሳም።

እርስዎ የጋዜጣ ሰው ነዎት አሉኝ። ስለዚህ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ጋንፓት ታሞ አልቀረም። ወድዶም አልቀረም። የጫማ ሰፊ ልጅ ነው ብለው አስቀሩት፤ ወዳጁም እያወቀ ዝም አለ። ይህን ይጻፉልን። የእኔ ስም ባይኖርበትም ግድ የለኝም።

አባትዎን አቶ አምባዬን ሰላም ይበሉልኝ። እንኳን ደስ ያለዎት ይበሉልኝ። ልጅ ሲማር ደስ ይላል። እኔ አውቀዋለሁ።

ጃራ